በግራንድ ሳኮኔ ግቢ ኩሽኔታ ስንቀይር የሆነው

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ ካሣዬ፣
ሞጆ።

አባዬ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ደረጃ ሲወጡ ይዞ የሚያስቀርዎ ሕመም ትንሽ ለቀቅ አደረገዎት ወይ? ዓይንዎስ? እማዬ እንዴት ናት? የደም ግፊቷን መድኃኒት በሰዓቱ ትወስዳለች ወይስ እንደ ልማዷ ደህና የሆነች ሲመስላት ትተወዋለች? ወንድሜ ሉቃስና ፌኔት፣ ጎረቤቱ፣ የጸሎት ቤት ሰዎች ሁሉ ሰላም ናቸው? ክረምቱስ ገባ? ቤቱ ያፈስ የነበረበትን ቦታ ሉቃስ ሠራው ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እህቴ መስከረምም፣ ባሏ ስምዖንም፣ ልጃቸው ናኒም በሕይወት አሉ። ናኒ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ የእማዬን አክስት መስላለች።

በስልክ ላወራዎት ስሞክር ጆሮዎ እንደማያገኘኝ አውቃለሁ። ያ ሁሉ ዘመን ከሞተር ጋር ተዘግቶበት የኖረ ጆሮ ምን ያድርግ! ሉቃስ የምለውን እየጮኸ ሲደግምልዎ ደግሞ መንደሩ በሙሉ ይሰማል። የምነግርዎ ነገር ተጩኾ የሚነገር አይደለም። ስለዚህ ወዳጄ የሚባል የሥራ ባልደረባዬ ለእረፍት ወደ አገር ሲገባ ይህን ደብዳቤ በእጁ ልኬዋለሁ። መነጽርዎን አድርገው፣ በር ዘግተው፣ ብቻዎን ያንብቡት። ከዚያ ለእማዬ ያነቡላታል።

ሉቃስ እንደነገረኝ፣ «የካሣዬ ልጅ ስዊዘርላንድ ሰው ገድሎ ታሰረ» እየተባለ ይወራል። እማዬም በዚህ ምክንያት ገበያ መውጣት ትታለች አሉ። አባዬ፣ ሰው አልሞተም። ደም ግን ፈሷል፣ አጥንትም ተሰብሯል። የሰውየውን አጥንት የሰበረውም እርስዎ እንደሚያስቡት እኔ አይደለሁም። ካላየ ሰው ከሚሰሙ፣ ካየሁት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው።

ምሥጋና የሚባል ሰው ስሙን ከመስከረም አፍ ሳይሰሙ አይቀሩም። ከእኛ ብዙ ቀድሞ ጄኔቭ የገባ፣ አሮጌ የጭነት መኪና ገዝቶ ሰው ቤት ሲቀይር ዕቃ የሚያጓጉዝ ሰው ነው። ቋንቋ ለሌለው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ፔርሚ የሚሉት፣ ላልተስተካከለለት አበሻ ሥራ የሚሰጥ እሱ ብቻ ነበር። ስምዖን ከስደተኞች መጠለያ ሲወጣ ማንም ዞር ብሎ ሳያየው፣ መሪ ያስጨበጠው ምሥጋና ነው። ቶኔ የሚባለው ሰፈር ያለችውን ቤታቸውን ያፈላለገላቸው እሱ ነው። መስከረም ናኒን ልትወልድ ምጥ ሲይዛት ሆስፒታል ያደረሳትም እሱ ነው። በቤተ ክርስቲያናቸው ከፊት ወንበር ይቀመጣል፣ ሲዘምር ያለቅሳል። ይህን ሁሉ ሳልናገር ሌላውን ብናገር ግፍ ይሆንብኛል።

እጁ ግን ፈጣን ነበር። ቁም ሣጥን የጫረውን ሠራተኛ በጥፊ፣ መስታወት የሰበረውን በእርግጫ ይላል። ሁሉም ይችሉታል። ባለውለታ ነዋ! ስምዖንን ያውቁታል፤ በሠርጋቸው ጊዜ በስልክ አይተው «ይህ ልጅ ድምፁን የት አስቀምጦት ነው?» ብለው የሳቁበት ነው። እሱም ዓይኑ አብጦ ቤት ሲገባ «ሣጥን ወደቀብኝ» ይላል፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ሲገባ «በር መታኝ» ይላል። መስከረም የሸሚዙን ደም እያጠበች ዝም ትላለች። እኔ ዙሪክ ሆኜ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ሥራ ላይ እያለሁ መስከረም ደወለች። መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ ግራ ይጎትታል፣ ከኋላ በቀኝ በኩል የሚቃጠል ነገር ይሸታል፣ ስምዖን ለምሥጋና ሲነግረው ደግሞ ዕቃ በሚያስጭኑት ደንበኞች ፊት በጥፊ አጋጭቶት «ሹፌር ነህ ወይስ መሐንዲስ?» አለው አለችኝ። ከዚያ የቀረውንም ሁሉ፣ የዓመታቱን፣ በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። ስትጨርስ «ለስምዖን ነገረችኝ እንዳትለው፣ ያፍራል» አለች።

የጅቡቲን መንገድ ስንት ጊዜ የተመላለሱበት ሰው ስለሆኑ ሕመሙን ሳልነግርዎ አውቀውታል። ዘይት የሚያግደው ፓራኦሊዮ አርጅቶ የዲፈረንሻሉን ዘይት ያሳልፋል፣ ዘይቱ የፍሬኑን ሸራ ያረጥባል፣ ያ ጎማ አልይዝም ይላል። የሚሸተው ደግሞ ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ነው። ለምሥጋና ስልክ መታሁለት። ማር ነበር። «ወንድሜ ተሻገር፣ እንኳን ደወልክ! አንተ እያለህ ለፈረንጅ ጋራዥ ማን ይሰጣል? ቅዳሜ ና፣ መኪናው ያንተ ነው» አለኝ። እኔም ስለ ጥፊው ምንም አላነሳሁም። መጀመሪያ መኪናው ይዳን፣ ሌላውን ፊት ለፊት እንነጋገርበታለን ብዬ ነው። እዚህ አፎልተርን የምሠራበት ጋራዥ አለቃ፣ ማይስተሬ የምለው፣ ደግ ሰው ነው፤ ኩሽኔታ መንቀያውን አዋሰኝ። አዲሶቹን ኩሽኔታዎችና ፓራኦሊዮዎች እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ አስቀምጬ በባቡር ጄኔቭ ገባሁ።

ግቢው ግራንድ ሳኮኔ ነው፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ሆዱን በእጅ የሚነኩት ይመስላል፤ ሲያልፍ ሰው የሚናገረው አይሰማም። መሬቱ ሲሚንቶ ነው፣ ግን ወደ በሩ ትንሽ ያዘቀዝቃል። ስለዚህ የፊት ጎማዎቹ ሥር እንጨት ሸጎጥሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብሁ፣ በክሪክ አንስቼ አክሱን በብረት ማቆሚያ ላይ አሳረፍሁት። እርስዎ «ክሪክ ሚስት አይደለም፣ አትመነው» ይሉ የለ!

የግራው በኩል ደህና ሄደልን። ጎማውን የሚያዞረውን ዘንግ፣ ሰሚያሱን፣ መዘን አወጣን፣ ታምቡሩን አወረድን። ፓራኦሊዮው እንደ ቀንድ ደርቆ ነበር። ኩሽኔታውን ቀየርን፣ አዲሱን ፓራኦሊዮ ስምዖን በእንጨት ዙሪያውን ቀስ እያለ እየመታ፣ ሳያጋድል አስገባው። የሕፃን ጀርባ ነው የምትመታው ብዬ ቀለድሁበት፤ ሳቀ። መኪና መንዳት ብቻ ሳይሆን መፍታትም እንደሚወድ ያን ቀን አየሁ። ጎማውን መልሰን አሰርን፣ ወደ ቀኝ ዞርን።

በቀኝ በኩል ገና ሰሚያሱ ሲወጣ የተቃጠለ ዘይት ሽታ አፍንጫችንን መታው። ታምቡሩ አልወጣም አለ። በማርቴሎ ደበደብነው፤ እየተቀባበልን፣ ክንዳችን እስኪዝል። ሲላቀቅ የኩሽኔታው ድቃቂ እንደ ጥራጥሬ መሬት ላይ ፈሰሰ። የውስጥ ቀለበቱ ግን ከአክሱ ጫፍ ጋር ተቃጥሎ እንደ ተበየደ ሆኖ ቀርቷል። በእሳት አግለን በመሮ መታነው። ሲሰነጠቅ እንደ ጥይት ጮኸ፤ ስንጣሪው በስምዖን ጆሮ ሥር አልፎ ከኋላው ያለው ሳንቃ ላይ ተሰካ። ስምዖን ጆሮውን ዳሰሰና «ተመስገን» አለ።

ከሥሩ ያየሁትን አልወደድሁትም። ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ብረት ተበልቶ እንደ አይጥ የቀመሰው ዳቦ ሆኗል። አዲስ ኩሽኔታ ቢገባበት ይሽከረከርበታል እንጂ አይቀመጥም። ያ ጫፍ ተቆርጦ አዲስ ሳይበየድበት መኪናው ከግቢ መውጣት አይችልም። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ጎማው ከነታምቡሩ ተነቅሎ ብቻውን ይሄድ ነበር። ጄኔቭ ደግሞ ቁልቁለቱ ወደ ሐይቁ ነው፤ ታች ትራም የሚጠብቅ ሰው አለ፣ ጋሪ የምትገፋ እናት አለች። ለስምዖን አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አየውና፣ «ትናንት ተራራው ላይ ሰው ጭኜበት ነበር» አለ።

ምሥጋና እኩለ ቀን ላይ መጣ። ከሰዓት በኋላ ዕቃ ለማጓጓዝ ቃል ገብቶ ኖሯል። መጀመሪያ እየሳቀ ነው የገባው፤ ጀርባዬን ቸብ ቸብ አድርጎ «እህሳ ዶክተሩ፣ በሽተኛው ተነሳ?» አለኝ። ብረቱን አሳየሁት፣ በጣቱም እንዲዳስሰው አደረግሁ። እጁን በጨርቅ ጠረገና፣ «ግራሶ ሙላበት፣ ዝጋው፣ ዛሬ ብቻ ይሂድልኝ» አለ። «አይሆንም፣ ሰው ይገድላል» አልሁት። ወደ ስምዖን ዞረና፣ «አንተ፣ ግጠምና አውጣው» አለው።

አባዬ፣ ያን ጊዜ ስምዖን ማርቴሎውን መሬት አስቀመጠ። «አልነዳውም» አለ። ጮክ ብሎ አይደለም። አውሮፕላን እያለፈ ስለነበር ምሥጋና የሰማው አልመሰለኝም። ድምፁ ሲያልፍ ግን ደግሞ፣ «ጋሼ ምሥጋና፣ ይህን መኪና አልነዳም። ከእንግዲህም አትመታኝም» አለው።

ምሥጋና በጥፊ መታው። ስምዖን አልተንቀሳቀሰም። ደገመው፣ ቀጥሎ በቡጢ አፉን አለው። እኔ መሃል ገባሁና አንገቱን ይዤ ገፋሁት፤ ተያያዝን። ከእኔ ይገዝፋል፣ እጁ አካፋ ያህላል። ከመኪናው ጎን ጋር አጋጨኝ፣ እኔም በግንባሬ አፍንጫውን መታሁት። ደሙ ሲወርድ ሲያይ ዓይኑ ተለወጠ። ቡሎን ስንፈታ ቁልፉን የምናስረዝምበትን የብረት ቱቦ ከመሬት አነሳና ጎኔን መታኝ። የጎድን አጥንቴ እንደ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር ተሰማኝ፣ ትንፋሼ ተቆረጠ። ተንበርክኬ ሳለሁ ደገመኝ። ስምዖን ከኋላ እጁን ሊይዘው ሲል በክርኑ ፊቱን ብሎ ጣለው፤ አክሱ አጠገብ በጎኑ ወደቀ፣ ራሱ ዞሮበት መሬቱን ይዳብሳል።

ከዚያ ምሥጋና እየተሳደበ ወደ ፊት ሄደ። «እናንተ ናችሁ መኪና የምታስተምሩኝ? ሲነሳ ታያላችሁ!» ይላል። የሸጎጥሁትን እንጨት በእርግጫ አወጣው፣ ጋቢና ገባ፣ ሞተሩን አስነሳ። ቀኝ ሰሚያሱ ወጥቶ መኪና እንደማይሄድ ሕፃንም ያውቃል። ቁጣ ግን አያውቅም። «የእጅ ፍሬኑን እንዳትለቅ!» ብዬ ለመጮህ አፌን ከፈትሁ፤ ትንፋሽ የለኝም፣ ድምፅ አልወጣም።

ለቀቀው። መኪናው ወደ በሩ አዘቀዘቀ፣ ማቆሚያው ተገለበጠ፣ አክሱ ከነሸክሙ ሲሚንቶው ላይ ወረደ። የስምዖን ቀኝ እጅ ከሥሩ ነበር።

ያን ድምፅ አልጽፍልዎትም።

እየዳህሁ ክሪኩ ጋ ደረስሁ። ዘንጉን ስጫን አጥንቴ ውስጤን ይወጋኛል፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ምሥጋና ከጋቢና ወርዶ አየና ደርቆ ቀረ። «ና ያዝ! ና ያዝ አንተ ሰው!» አልሁት። መጣ። የሚገርምዎ ነገር፣ አሁን ሊገድለኝ የነበረው ሰው ከጎኔ ተንበርክኮ፣ የአፍንጫው ደም እጄ ላይ እየተንጠባጠበ፣ «ኢየሱስ ኢየሱስ» እያለ ክሪኩን ይመታ ነበር። እሱ ባይኖር እኔ ብቻዬን አላነሳውም። መኪናው ከፍ ሲል ስምዖንን በትከሻው ጎትቼ አወጣሁት። እጁ እጅ አይመስልም ነበር።

መስከረም የመጣችው ያን ጊዜ ነው። ምሳ ቋጥራልን ከአውቶቡስ ወርዳ፣ የባሏን ጩኸት ከመንገድ ሰምታ ሮጣ ገባች። ሻርፗን አውልቃ የእጁን አንጓ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። አላለቀሰችም። «ስምዖኔ፣ እዚህ ነኝ፣ እየኝ» ትለዋለች። እኔ አምቡላንስ እየጠራሁ ነበር። ምሥጋና ከፊቷ ቆሞ፣ እጁን በሱሪው እየጠረገ፣ «ስሙኝ፣ ፖሊስ ይመጣል። ክሪኩ ተንሸራተተ ነው የምንለው፣ ሁላችንም አንድ ቃል። ራሱ ነው ከሥር የገባው። መስከረም፣ የፔርሚያችሁን ነገር ታውቂያለሽ፤ እኔ ከሌለሁ ማን አላችሁ?» አላት።

መስከረም ቀና ብላ አየችው። ከዚያ የስምዖንን ጭንቅላት ቀስ አድርጋ ኮቷ ላይ አስተኛችና ተነሳች፤ ያንኑ የብረት ቱቦ አንስታ ፊቱን መታችው። ወደቀ። ወድቆም መታችው። መንጋጭላው ሲሰበር ከአውሮፕላኑ ድምፅ በላይ ተሰማኝ። ለሦስተኛው ስታነሳ ደረስሁባት፣ አቀፍኋት። አባዬ፣ ያቺ ዶሮ ሲታረድ ጓዳ የምትደበቅ ልጅዎ እቅፌ ውስጥ እንደ ብረት ጠንክራ፣ «ልቀቀኝ፣ ልቀቀኝ፣ ይበቃዋል ያለው ማነው?» ትል ነበር።

ከጎን ካለው መጋዘን ሰው አይቶ ኖሮ ፖሊስ ቶሎ ደረሰ። ሁላችንም ደም በደም ስለሆንን ማን ምን እንደሆነ አላወቁም፤ እኔንም መስከረምንም በካቴና አሰሩን። እኔ ሆስፒታል ከታየሁ በኋላ ቃሌን ሰጥቼ ተለቀቅሁ። እሷን አቆዩዋት። ናኒን ዮሐና የምትባል ጎረቤታቸው ያዘችልን። ስምዖን አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ተረፉለት፤ ሌሎቹን ሐኪሞቹ ማዳን አልቻሉም። የምሥጋና መንጋጭላ በሽቦ ታሰረ፣ ጥርሶቹ ረግፈዋል፣ ግራ ዓይኑ እስከ ዛሬ በደንብ አያይም።

ስምዖን ከሆስፒታል ወጥቶ፣ መስከረምም ተለቅቃ ጉዳዩ ሲጣራ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎች ቶኔ ቤታቸው መጡ። እኔም ነበርሁ። ሙዝና ጭማቂ ይዘው ተቀመጡ፣ ጸለዩ። ከዚያ አቶ ሌዊ የሚባሉት ትልቁ ሰው፣ «ልጆቼ፣ ገመናችንን ለፈረንጅ ዳኛ አንስጥ። እሱም ዓይኑን አጥቷል፣ እናንተም አንድ እጅ አጥታችኋል፣ እኩል ናችሁ። አደጋ ነበር በሉና ይቅር ተባባሉ። ያለዚያ መስከረም ትታሰራለች» አሉ። በቀስታና በፍቅር ነው ያሉት። መስከረም አንገቷን ደፋች፤ እሺ ልትል እንደሆነ አወቅሁ።

ስምዖን በፋሻ የተጠቀለለውን እጁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «አባቴ፣ እኔ ይቅር ብየዋለሁ። ግን አደጋ አልነበረም» አለ። «ውለታውን አስቤ ዝም አልሁ። ዝም ስል እኔን መታ፣ ዝም ስል ሌሎቹን መታ፣ ዝም ስል ሚስቴ ሰው መታች። ከእንግዲህ ዝም የምል አይደለሁም። እሷም ያደረገችውን ትናገራለች፣ እኔም ያየሁትን እናገራለሁ።» አቶ ሌዊ ኮታቸውን አንስተው ተነሱ። ሲወጡ በር ላይ ስምዖንን ግንባሩን ሳሙት፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ዐቃቤ ሕጉ ዘንድ በተጠራ ቀን አስተርጓሚ ተቀምጦለት ነበር። ስምዖን ግን በዚያችው በተሰባበረች ፈረንሳይኛው እኔው ልናገር አለ። «ወደቀብኝ» ካለው ሣጥን ጀመረ፣ «መታኝ» ባለው በር ቀጠለ፣ አንዱንም አላስቀረ። ቃል ሲያጥረው ብቻ ወደ አስተርጓሚው ዞሮ በአማርኛ ይጠይቀዋል። እሱ ከተናገረ በኋላ ማራኪ የሚባለው የምሥጋና ዕቃ ተሸካሚ መጣ፣ ከእሱም ኋላ ሌሎች መጡ፤ ጠባሳቸውን አሳዩ።

መስከረም ጥፋተኛ ተብላለች፤ ይህን አልደብቅዎትም። ቅጣቱ ግን በገደብ ነው፣ እስር ቤት አትገባም። ጠበቃዋ ለፔርሚው በጣም ፈርቶላት ነበር፤ ባለፈው ወር ታደሰላቸው። የምሥጋና ጉዳይ ፍርድ ቤት ነው፣ ገና አልተወሰነም። ሥራው ተዘግቷል። ሆስፒታል ሳለ ልጠይቀው ሄጄ ነበር። አፉ ታስሮ ስለነበር መናገር አይችልም፤ ዓይኑን ጨፍኖ እስክወጣ ድረስ አልከፈተውም። ልስደበው ይሁን ላመስግነው ሳላውቅ ነው የሄድሁት፣ ሳላውቅ ነው የወጣሁት።

መኪናውን ፖሊስ ሲለቀው አንድ አትክልት አምራች ፖርቱጋላዊ ገዛውና እኛ ጋራዥ አምጥቶ ይሠራልኝ አለ። ማይስተሬ ያንን የተበላ ጫፍ ቆርጦ አዲስ በየደበት። ቀሪውን እኔ ልጨርስ ስል ስምዖን ከጄኔቭ ተነስቶ አፎልተርን ድረስ መጣ። ለምን ትመጣለህ አልሁት፤ «ጀምሬዋለሁ» ብቻ አለኝ። ኩሽኔታውን እኔ አስገባሁ። ፓራኦሊዮውን ስይዝለት እሱ በግራ እጁ መዶሻ ይዞ እንጨቱን ዙሪያውን መታው። ብዙ ጊዜ ሳተ፣ አንድ ጊዜ ጣቴን መታኝ። አልቸኮልነውም። ታምቡሩን አስገብተን ዳዶውን ሳጠብቅ ስምዖን ታምቡሩን በደህናው እጁ ያዞረው ነበር። ላላ፣ ጠበቅ፣ ላላ፤ እጁ ነገረውና «እዚህ ላይ ተወው» አለኝ። ለካሁት፤ ልክ ነበር። ማይስተሬ ይህን አይቶ፣ ጋራዡ ዕቃ ክፍል የሚረዳ ሰው ስለሚፈልግ እስኪ ይሞክረው ብሎ ጠየቀኝ። ስምዖን እያሰበበት ነው። እሺ ካለ ወደ ዙሪክ ይመጣሉ።

የቸገረኝ የመስከረም ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትታለች። ሰው የሚፈርድባት ይመስላታል፤ የሚፈርድም አለ፣ በስውር «አበጀሽ» የሚላትም አለ፤ ከሁሉ የሚያማት ይኸኛው ነው። ባለፈው ዕቃ ስታጥብ ቆይታ ድንገት፣ «ተሻገር፣ አጥንቱ ሲሰበር የተሰማኝ በጆሮዬ አይደለም፣ በእጄ ነው። ከእጄ አልወጣም» አለችኝ። ሳህኑን አስቀመጠችና፣ «ግን ያን ቃል ዛሬም ቢናገረኝ እመታዋለሁ። ይህን ለእግዚአብሔር እንዴት ብዬ እነግረዋለሁ?» አለች። ለእርስዎም መጻፍ ፈርታለች። ብዕር ታነሳና ታስቀምጣለች። «አባዬ እጁን በሰው ላይ አንስቶ አያውቅም፣ ምን ይለኛል?» ትላለች።

አባዬ፣ ይቆጡ ከሆነ በእኔ ይቆጡ፣ ታላቅ ወንድሟ ነኝ። ለእሷ ግን ይጻፉላት። አበጀሽ እንዲሏት አይደለም፣ እሱን አትፈልገውም። ጥፋትሽ ነው ቢሏትም ትችለዋለች፤ የማትችለው ዝምታዎን ነው። ወዳጄ ተመልሶ ሲመጣ አንድ መስመርም ቢሆን በእጅ ጽሑፍዎ ይስጡት። «ልጄ መስከረም» ብለው ይጀምሩላት፣ ከዚያ በኋላ የመጣልዎትን ይጻፉ።

እማዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ፤ ሰው ያልሆነውን አወራ ብላ ቤት አትቀመጥ፣ ገበያዋን ትውጣ፤ ስለ መስከረም የሚጠይቃት ካለ «ልጄ ናት፣ በሰላም አለች» ትበል። ሉቃስን በርታ ይበሉልኝ፤ እንደ እኔ መካኒክ እሆናለሁ ማለቱን ሰምቻለሁ፣ መጀመሪያ ትምህርቱን ይጨርስ። ፌኔት እህቴን ሰላም ይበሉልኝ፤ እማዬን እያየችልን ስለሆነ እግዚአብሔር ይስጣት፤ የጠየቀችውን ጫማ በወዳጄ ልኬያለሁ፣ ቁጥሩ ካልሆናት ትንገረኝ። ጎረቤታችንን ጋሼ ፍሬን፣ የጸሎት ቤቱን ሰዎች ሁሉ በስማቸው ሰላም ይበሉልኝ። ናኒ «ለአያቴ ሰላም፣ እኔ ጥርስ የለም፣ ደህና ነኝ» ብለህ ጻፍ ብላኛለች፤ እንዳለችው ጻፍሁት። ሊጠይቁኝ ዙሪክ መጥተው ስለሆነ መስከረም ይህን ስጽፍ ከአጠገቤ ነበረች፤ አንብባ «በእኔ ላይ የቀነስኸው የለም?» ብቻ ብላ ወረቀቱን መለሰችልኝ። የለም አልኋት። ስምዖን ደግሞ ከታች ስሜን ልፈርም ብሎ በግራ እጁ ጽፏል። ወደ ጎን ያጋደለው፣ የልጅ ጽሑፍ የመሰለው የእሱ ነው። «ገና ነው፣ ይቃናል» ይልዎታል።

ልጅዎ ተሻገር ካሣዬ
ስምዖን

አፎልተርን፣ ዙሪክ
ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.